ለበኩሩ የተገዛው ጡጦ ለታናሹ ይሆናልን?

(በሬዲዮ የቤተሰብ ዝግጅት የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት እንዲያመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



የዛሬው ርዕሳችን ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በየቤታችን ያለ፣ የሕፃናትን ጤናም የቤተሰብን ኪስም የሚነካ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ልጅ ሊወለድ ሲቃረብ በአብዛኞቻችን ቤት የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን በላይ የተቀመጠው ካርቶን ይወርዳል። ውስጡ የበኩሩ ጡጦዎች፣ አፉ ላይ ሆና ታስተኛው የነበረችው የማባበያ ጡት፣ የጡት ወተት ማለቢያው፣ ጥርስ ሲያወጣ ያኝከው የነበረው ቀለበት ይገኛሉ። አያት «እኛ በአንድ ጡጦ ስንቱን አሳድገናል» ይላሉ። አባት የሱቁን ዋጋ ያስብና «ታጥቦ ይሠራል» ይላል። እናት ግን ልቧ ያመነታል።

መልሱን ገና ከመጀመሪያው እንናገረው። ከፊሉ ይሆናል፤ ከፊሉ አይሆንም። ያልተሰነጠቀ ብርጭቆ፣ ሲኒ፣ ማንኪያ፣ ጭረት የሌለው ጠንካራ ፕላስቲክ በደንብ ታጥቦና ተቀቅሎ ለታናሹ ያገለግላል። ሕፃኑ አፉ ውስጥ አስገብቶ የሚጠባው ጎማ ሁሉ ግን አዲስ ሊገዛለት ይገባል። ምክንያቱን አንድ በአንድ እናያለን፣ ኢንሻአላህ።

ሁለቱ ሚዛኖች

ዲናችን ብክነትን ይከለክላል። በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ ላይ መብላትና መጠጣት ተፈቅዶ ኢስራፍ ግን መከልከሉን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ደህና የሆነን ዕቃ «ለዚህኛውም አዲስ ካልሆነ» ብሎ መጣል ተገቢ አይደለም። በሌላ በኩል ጉዳትን ማስወገድ ከሸሪዓ መሠረታዊ መርሆዎች አንዱ ነው። ሕፃን በእጃችን ያለ አማና ነው። የተሰነጠቀ ጎማ ለማትረፍ ሲባል ሕፃኑን ለተቅማጥ ወይም ለመታነቅ ማጋለጥ ቁጠባ አይባልም። ተቅማጥ የያዘው ጨቅላ የሚጠይቀው የሕክምና ወጪ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የሕይወቱን ነገር ደግሞ አንናገረውም።

እንግዲህ ካርቶኑ ሲከፈት በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ። አንደኛ፣ ይህ ዕቃ ለሕፃኑ በእርግጥ ያስፈልገዋልን? ሁለተኛ፣ የሚያስፈልገው ከሆነ አካሉ ደህና ነውን?

መጀመሪያ፦ ያስፈልገዋልን?

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠው ጡት መጥባቱን እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ይመክራል። ለኛ ለሙስሊሞች ሁለቱ ዓመት እንግዳ አይደለም፤ ማጥባቱን ሊያሟሉ ለሚሹ ወላጆች ሁለት ሙሉ ዓመት መሆኑ በሱረቱል በቀራህ 233ኛው አንቀጽ ላይ ተጠቅሷል። በዚሁ አንቀጽ የሚያጠቡ እናቶችን መመገብና ማልበስ የአባት ግዴታ መሆኑም ተነግሯል። አባቶች ሆይ፣ ከጡጦ በፊት የእናቲቱ ምግብና ዕረፍት ይታሰብ።

ጡጦው ስለነበረ ብቻ ማውጣት እንግዲህ አያስፈልግም። ሆኖም እናት ሥራ የምትሄድ ከሆነ፣ ወይም ታማ ወይም በሌላ ምክንያት ማጥባት ካልቻለች፣ ወተቱ በአንድ ነገር መሰጠት አለበት። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ነገር አለ። እሱም ሲኒ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን፣ ክብደቱ አነስ ያለውም ጭምር፣ ከትንሽ ሲኒ መጠጣት ይችላል። አቀፍ አድርጎ ቀና ማድረግ፣ የሲኒውን ጠርዝ ከታችኛው ከንፈሩ ማስነካት፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ማዘንበል፣ ከዚያ እሱ ራሱ በምላሱ እንዲወስድ መጠበቅ ነው። አፉ ውስጥ ማፍሰስ አይገባም፤ ትን ይለዋል። ሲኒ ጥግና ስርጉጥ ስለሌለው በሳሙናና በውሃ በቀላሉ ይጸዳል። ውሃ በሚቆራረጥበት ቤት ከጡጦ ይልቅ ሲኒ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ለበኩሩም ለታናሹም የሚያገለግል፣ የማያረጅ ዕቃ ቢኖር እሱ ነው።

ጡጦው

የጡጦ አካል ከብርጭቆ ወይም ከፕላስቲክ ይሠራል። የብርጭቆው ጠርዙ ካልተሸረፈና ካልተሰነጠቀ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ፍተሻው ቀላል ነው፤ ብርሃን ላይ አድርጎ ማየት፣ ጠርዙን በጣት ቀስ ብሎ መዳሰስ።

ፕላስቲኩ ላይ ግን እንጠንቀቅ። በብሩሽ ብዛት የተጫጫረ፣ የደበዘዘ፣ ቀለሙ የተለወጠ፣ ሽታ የያዘ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ይወገድ። ጭረቱ ውስጥ የወተት ቅባትና ጀርም ይደበቃል፤ ብሩሽም አይደርስበትም። ሌላም ነገር አለ። ቀድሞ ብዙ ጡጦዎች ይሠሩበት የነበረው ፖሊካርቦኔት የተባለ ጠንካራና ጥርት ያለ ፕላስቲክ ቢፒኤ የሚባል ኬሚካል ይይዝ ነበር። ኬሚካሉ የሰውነትን ሆርሞን ሊያውክ ይችላል በሚል ስጋት ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ለሕፃናት ጡጦ እንዳይውል ከልክለዋል፤ አሜሪካም በ2012 ከልክላለች። ስለዚህ ከአጎት ወይም ከአክስት ልጅ የተላለፈ፣ ከዚያ ዘመን በፊት የተገዛ ጥርት ያለ ጠንካራ ጡጦ ካለ ይቅር። ከሥሩ ያለውን የሦስት ማዕዘን ምልክት ተመልከቱ። 5 ቁጥር ፖሊፕሮፒሊን ነው። 7 ቁጥር የተለያዩ ፕላስቲኮችን ያጠቃልላል፤ ፖሊካርቦኔትም ከነሱ ውስጥ ስለሚገኝ 7 ሆኖ ከቢፒኤ ነፃ መሆኑ ያልተጻፈበት አሮጌ ጡጦ አይታመንም።

የጡጦው ጎማ

ጎማው ሁለት ዓይነት ነው። ቡናማ ወይም ቢጫ መልክ ያለው ላቴክስ፣ ውሃ የመሰለው ደግሞ ሲሊኮን ይባላል። ላቴክስ በሙቀት፣ በፀሐይና በወተት ቅባት ቶሎ ይደክማል። ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፣ ያብጣል። ሲሊኮን የተሻለ ይቆያል፤ ነገር ግን የሕፃን ጥርስ ከነካው ይቀደዳል። አምራቾች በአብዛኛው ጎማ በየሁለትና በየሦስት ወሩ እንዲለወጥ ይመክራሉ። ለአንድ ልጅ እንኳ መለወጥ ያለበት ዕቃ ሁለት ዓመት ካርቶን ውስጥ ቆይቶ ለሌላው ሊሰጥ አይገባም። ቁራጩ ተበጥሶ ጉሮሮ ላይ ቢቀር ሕፃኑን ሊያንቀው ይችላል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የማይታሰበው የቀዳዳው ስፋት ነው። በካርቶኑ ውስጥ የተረፈው ጎማ በአብዛኛው በኩሩ አድጎ ይጠባበት የነበረው ነው። ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ አንዳንድ ቤት ደግሞ «አልወርድ አለ» ተብሎ በጋለ መርፌ እንዲሰፋ ተደርጓል። ይህ ለ9 ወር ልጅ ይሆናል፤ ለአራስ ግን ወተቱ እየጎረፈበት ትን ይለዋል። ለአራስ የሚሆነው ጡጦው ሲዘቀዘቅ በግምት በሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚያወርድ ነው። ቢፈስ ሰፍቷል ማለት ነው።

የማባበያ ጡት

ወተት የሌላት፣ ሕፃኑን ለማረጋጋት አፉ ላይ የምትደረገዋ የጎማ ጡትም እንደዚሁ አዲስ ትሁን። አራሱ ጡት አያያዝን በሚገባ እስኪለምድ ድረስ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ባትሰጠው ይመረጣል። የእናትን ጡት ከመጥባት ታዘናጋዋለች፤ መራቡን የሚያሳይበትን ምልክትም ትሸፍናለች። ከዚያ በኋላ የሚጠቀም ሰው እነዚህን ይጠብቅ፦

አንደኛ፣ ጎማውን በየጊዜው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ሳብ አድርጎ መፈተሽ። ስንጥቅ ወይም መላላት ከታየ ይጣል። ከቁርጥራጭ ከተገጣጠመው ይልቅ ወጥ ሆኖ የተሠራው ይሻላል።

ሁለተኛ፣ በክር አንገቱ ላይ አለማንጠልጠል። ማንኛውም በሕፃን አንገት ላይ የሚታሰር ክር ወይም ሐብል ሊያንቀው ይችላል፤ በተለይ ሲተኛ።

ሦስተኛ፣ መሬት ስትወድቅ በራስ አፍ ልሶ አለመመለስ። የጥርስ መበስበስን የሚያመጣው ባክቴሪያ በምራቅ ይተላለፋል። በውሃ ትታጠብ፤ ትርፍ አንድ ቢኖር ደግሞ ይበጃል።

አራተኛ፣ ማር ወይም ስኳር አለመቀባት። ማር በራሱ ሺፋ ነው። ግን ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለውን ጡንቻን የሚያልም አደገኛ በሽታ የሚያመጣ ጀርም ዘር ሊኖርበት ስለሚችልና የጨቅላ አንጀት ሊቋቋመው ስለማይችል ነው። ማር ሲፈላም ይህ ዘር አይሞትም። ለተሕኒክ የታወቀው ተምር ነው፤ በንጹሕ እጅ ጥቂት የላመ ተምር ላንቃው ላይ ማስነካት ይበቃል።

የጡት ወተት ማለቢያ

ሥራ ለሚሄዱ እናቶች ይህ ትልቅ ረዳት ነው፤ ዋጋውም ውድ ስለሆነ ከእህት ለእህት፣ ከጎረቤት ለጎረቤት ይዞራል። ሁለት ነገር እንለይ። ያው እናት ለሁለተኛ ልጇ የራሷን ማለቢያ ብትጠቀም፣ ሞተሩ ወይም የእጁ መሳቢያ በደንብ የሚስብ ከሆነ ችግር የለውም። ስሱ ክዳኖቹ፣ ጎማዎቹና ቱቦው ግን ይለወጡ። ቱቦው ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ሻጋታ ከታየ አጥቦ ለማዳን ሳይሞከር ይጣል።

የሌላ ሴትን ማለቢያ መዋስ ግን ሌላ ነው። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ለአንዲት ሴት ብቻ የተሠሩ ናቸው። ወተት ወደ ማይታጠበው የውስጥ ክፍል ሊገባ ይችላል፤ ኤች አይ ቪን የመሰሉ ቫይረሶች ደግሞ በጡት ወተት ይተላለፋሉ። በላይ መታጠቡ ውስጡን አያጸዳውም።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ረዷዕ፣ ማለትም ስለ ጡት ዝምድና አንድ ነገር እናስታውስ። ዕቃው ዝምድና አያመጣም፤ ወተቱ ግን ያመጣል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ወተቱ ከጡት ተጠብቶም ሆነ ታልቦ በጡጦ ወይም በሲኒ ተሰጥቶ ሁለት ዓመት ባልሞላው ሕፃን ሆድ ከገባ የጡት ዝምድና እንደሚያስከትል ይናገራሉ። በመጠኑ ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። በሻፊዒይ አምስት ጊዜ ያስፈልጋል፤ በሐነፊይና በማሊኪይ ጥቂቱም በቂ ነው። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ የእህት ወይም የጎረቤት ወተት በስህተትም ሆነ በውዴታ ለልጃችሁ ቢሰጥ፣ ማን፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ ይጻፍ፤ ዓሊምም ይጠየቅ። ከሃያ ዓመት በኋላ ለጋብቻ ሲጠያየቁ «እነዚህ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው ወይስ አይደሉም?» ብሎ መጨነቅ እንዳይመጣ።

ጥርስ ሲያወጣ የሚያኝከው

ወጥ የሆነው የጎማ ቀለበት ስንጥቅ ከሌለው ተቀቅሎ ያገለግላል። ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ጥርስ የበሳው ለሌላ ልጅ አይሆንም። ከጨሌ ወይም ከድንጋይ የተሠሩ «ጥርስ ያወጣሉ» የሚባሉ ሐብሎችን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 አስጠንቅቆባቸዋል፤ ሕፃን ታንቆባቸዋል። በዚያው ዓመት ባለሥልጣኑ ቤንዞኬይን ያለበት የድድ ማደንዘዣ ቅባት ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጥ ተናግሯል። ቀዝቀዝ ያለ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ማስነከስ ከሁሉም ይሻላል።

ከውጭ የሚመጣው

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዐረብ አገር ዘመዶቻችን የልጆቻቸውን ዕቃ በሻንጣ ይልካሉ። አላህ ይክፈላቸው። ሆኖም በተሠራበት አገር ከገበያ የተነሣ ዕቃ እዚህ ሊደርስ ይችላል። ለምሳሌ ፊሸር ፕራይስ የሠራው፣ ሕፃኑን አጋድሞ የሚያወዛውዝ «ሮክ ኤንድ ፕሌይ» የተባለ ማስተኛ፣ ከ30 የሚበልጡ ሕፃናት ሞት ከተያያዘበት በኋላ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ወደ 4.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ተመልሶ እንዲሰበሰብ ተደርጓል። በ2022 አሜሪካ ዘንበል ያሉ የሕፃን ማስተኛዎችንና በአልጋ ዙሪያ የሚታሰሩ ትራሶችን በሕግ ከልክላለች። ላኪው ዘመድ ስሙንና ሞዴሉን ፈልጎ ከመላኩ በፊት ቢያጣራ ቀላል ነው። ሕፃን የሚተኛው በጀርባው፣ ዝርግና ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ነው።

አጠባውና መቀቀሉ

የሚያገለግለው ከተለየ በኋላ ጽዳቱ ይቀጥላል። እጅ በሳሙና ይታጠብ። ጡጦው ተፈታትቶ፣ ቀለበቱም ክዳኑም ለየብቻ ሆኖ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ለዚሁ ብቻ በተለየ ብሩሽና ሳፋ ይታሽ። ሥጋና ሽንኩርት የታጠበበት ሳፋ አይሁን። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ።

ቀጥሎ በሰፊ ድስት ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ይስጠም፤ ውስጡ አየር አይቅር። ተከድኖ በደንብ ይፍላ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህም ተቅማጥ የሚያመጡትን ጀርሞች ይገድላል፤ ግን በደጋ ያለን ሰዎች «አንዴ ፈላ» ብለን ማውጣት የለብንም። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ውሃው አልቆ ድስቱ እንዳይደርቅ ይታይ። ሲወጣ በፎጣ አይወልወል፤ ንጹሕ ነገር ላይ ተደፍቶ በራሱ ይድረቅ። ከ2 ወር በታች ላለ፣ ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም ለታመመ ሕፃን ይህ ቢያንስ በየቀኑ ይደረግ። አፉ ውስጥ ነጭ ፈንገስ የወጣበት ልጅ ካለም አፉ የገባው ሁሉ በየቀኑ ይቀቀል።

የዱቄት ወተት የሚሰጥ ከሆነ፣ ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ አለመሆኑን እንወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 ዲግሪ በማያንስ ሙቅ ውሃ እንዲበጠበጥ፣ ከዚያ ጡጦው በቀዝቃዛ ውሃ ተይዞ እንዲበርድ ይመክራል። ከቆየ ፔርሙስ የተቀዳ ለብ ያለ ውሃ አይበቃም። በ2 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣ ይደፋ። የተረፈውን «ነገ ይጠጣዋል» ማለት ኢስራፍን መሸሽ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ልኩን ማዘጋጀት ነው መፍትሔው።

አቀማመጡ

ለሦስተኛው ልጅ የምናስቀምጥም ካለን፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ፈጽሞ ደርቆ ክዳን ባለው ንጹሕ ሳጥን ይቀመጥ። እርጥብ ሆኖ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ ይሻግታል። ከሁሉ በላይ የብል መድኃኒት፣ ናፍታሊን የምንለው ነጭ ኳስ፣ በሕፃን ዕቃና ልብስ መሐል አይቀመጥ። ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚጎድላቸው ሕፃናት አሉ፤ በናፍታሊን መካከል የቆየ ልብስ ወይም ብርድ ልብስ የእነዚህን ልጆች ቀይ የደም ሴል ሊያፈርስ፣ ከባድ የዓይንና የቆዳ ቢጫነት ሊያመጣ ይችላል። ጉድለቱ መኖሩ ደግሞ በመልክ አይታወቅም።

በኩሩንም አንርሳው

ጡጦውን ትቶ የነበረ የሁለት ዓመት ልጅ ታናሹ ሲጠባ ሲያይ «የኔ ነው» ብሎ መንጠቁ የተለመደ ነው። መጮህና መምታት ቅናቱን ያብሰዋል። «ያኔ አንተም ትንሽ ነበርክ፤ አሁን በሲኒ የምትጠጣ ትልቅ ሰው ሆነሃል» ማለት፣ የሱን ሲኒ እሱ እንዲመርጥ ማድረግ፣ ታናሹን ለማባበል እንዲያግዝ መፍቀድ ይጠቅማል። ግን ጡጦና ማባበያ አይጋሩ። ከሰፈር ጉንፋንና ትኩሳት ይዞ የሚመጣው ትልቁ ነው፤ የሚጎዳበት ግን ትንሹ ነው። ቀለማቸው የተለያየ ይሁን። ትልቁ ብቻውን ሆኖ ሕፃኑን እንዲያጠባ፣ ወይም ጡጦው በትራስ ተደግፎ አፉ ላይ እንዲቀር አይፈቀድ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ነገሩን ባጭሩ እንያዘው። ሲኒውን አትግፉት። ብርጭቆውንና ደህናውን ፕላስቲክ ቀቅሉና ተጠቀሙ። ጎማውን ለውጡ። ማለቢያውን አትዋሱ። የተጫጫረውን፣ የተሰነጠቀውን፣ ታሪኩ የማይታወቀውን አስወግዱ፤ ለሌላ ድሃ ቤተሰብም አትስጡት፤ ለልጃችን ያልወደድነውን ለወንድማችን ልጅ ልንወድለት አይገባምና። ሕፃን ለመጠየቅ የምትሄዱ ወዳጆችም፣ ከሚያምረው ልብስ ይልቅ ሁለት አዲስ የጡጦ ጎማ ወይም ለአራሷ የሚሆን ምግብ ይዛችሁ ብትሄዱ ምንዳውም ጥቅሙም ይበልጣል።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ጤነኞችና ሳሊሖች ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።